«ሰአሊ ለነ» «ሠዐሊ ለነ» እንዳይሆን፦ የጸሎት መጽሐፍ ሲታረም ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

የጸሎት መጽሐፍ የያዘ ሰው ገና ሳይከፍተው ግማሹን በቃሉ ያውቀዋል። ስለዚህ ሌላው መጽሐፍ በዓይን ሲታረም ይህኛው በጆሮም መታረም አለበት። አንዲት ቃል ብትለወጥ መጀመሪያ የሚደናቀፈው ምላስ ነው። ግማሹ ሕዝብ የድሮውን፣ ግማሹ አዲሱን ሲል የሚሰማውም በቅዳሴ መካከል ነው፤ ያኔ ደግሞ ማረሚያ የለውም።

ሞክሼ ፊደላትን በአንድ ትእዛዝ ማስተካከል

በጣም የተለመደውም በጣም የሚጎዳውም ይህ ነው። ታይፒስቱ አማርኛውን ወጥ ለማድረግ ሐ እና ኀን በሀ፣ ሠን በሰ፣ ዐን በአ «ሁሉንም ተካ» ብሎ ይለውጣል። በአማርኛው ቢያከራክርም ጉዳቱ ትንሽ ነው። ግእዙ በዚያው ፋይል ውስጥ ካለ ግን ትርጉሙ አብሮ ይገለበጣል። የውዳሴ ማርያም «ሰአሊ ለነ» ለምኝልን ማለት ነው፤ በተቃራኒው ተተክቶ «ሠዐሊ ለነ» ቢሆን ሥዕል ሣዪልን ይሆናል። «መሐረ» ይቅር አለ፣ «መሀረ» አስተማረ። «ሠረቀ» ወጣ፣ «ሰረቀ» ሌባ ሆነ። መዝሙር 22 «እግዚአብሔር ይሬዕየኒ» ሲል ይጠብቀኛል ማለቱ ነው። በዐ ፈንታ አ ከገባ ያየኛል ይሆናል፤ እረኛው ከመዝሙሩ ወጣ ማለት ነው። ይህ ስህተት እንኳን ለምእመኑ ለአራሚውም አይታይም፤ ምክንያቱም ዛሬ ሁለቱም በአፍ አንድ ናቸው።

መፍትሔው ግእዙንና አማርኛውን ገና ከመጀመሪያው በተለያየ ፋይል መያዝና የግእዙን ፋይል መተካት እንዳይነካው መዝጋት ነው። ከዩኒኮድ በፊት በነበሩ የፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ ሲቀየር ደግሞ ኵ፣ ጐ፣ ኈ ብዙ ጊዜ ይጠፋሉ፤ «ኵሉ» «ኩሉ» ሆኖ ይወጣል። ስካን ተደርጎ በማሽን የተነበበ ገጽ ከሆነ ኀ እና ነ፣ ሰ እና ስ ይምታታሉ። የመጨረሻውን ንባብ ሰዋስው የተማረ ሰው ያድርገው፤ አንዱ ከአሮጌው ቅጂ ጮክ ብሎ እያነበበ፣ ሞክሼው ላይ ሲደርስ «ሐመሩ ሐ»፣ «ንጉሡ ሠ» እያለ፣ ሌላው በአዲሱ ላይ ይከተል። ያለዚህ ጥሪ ጮክ ብሎ ማንበብ ብቻውን ሞክሼ አይለይም።

የመዝሙር ቁጥር መቀላቀል

የግእዙ ዳዊት የሚከተለው የሰባ ሊቃናትን (የብሉይ ኪዳንን ጥንታዊ የግሪክ ትርጉም) ቁጥር ነው። ከመዝሙር 10 እስከ 112 ድረስ ከዕብራይስጡ በአንድ ያንሳል፤ ዕብራይስጡ 9 እና 10 ብሎ የለየውን ሰባ ሊቃናት አንድ ስላደረጉት ነው። አማርኛውን በዕብራይስጡ ቁጥር ከታተመ መጽሐፍ ቅዱስ ገልብጦ ከግእዙ ጎን የሚለጥፍ አዘጋጅ፣ በግራ «ይሬዕየኒ»ን፣ በቀኝ «አምላኬ፣ አምላኬ፣ ለምን ተውኸኝ»ን ያስቀምጣል፤ ሁለቱም «22» ተብለዋልና። የሰኞው ከ1 እስከ 30፣ የማክሰኞው ከ31 እስከ 60 የሚለው የዕለት ክፍፍልም በግእዙ ቁጥር የተሠራ ነው። ቁጥር ከተለወጠ ክፍፍሉም ይዛባል። የዕብራይስጡን ቁጥር ማሳየት ካስፈለገ በትንሽ ፊደል በቅንፍ ይግባ።

ተሰጥዎን እንደ ካህኑ ክፍል መቁጠር

ካህኑ ብቻውን የሚያነበው ጸሎት ቢለወጥ የሚቸገረው አንድ ሰው ነው፤ መጽሐፉም ፊቱ ነው። ሕዝቡ የሚመልሰው ተሰጥዎ ግን በልብ የተያዘ ነው። የሮማ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የእንግሊዝኛው ቅዳሴ ከ1970ዎቹ ጀምሮ «ካንተም ጋር» የሚል ተሰጥዎ ነበረው፤ በኅዳር 2011 እ.ኤ.አ. (የዚህ ጽሑፍ ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ወደ ላቲኑ ተመልሶ «ከመንፈስህም ጋር» ሆነ። የእኛው «ምስለ መንፈስከ» ማለት ነው። ትርጉሙ ትክክል ነው፤ ምእመኑ ግን ለዓመታት የለመደውን እንዲተው በየወንበሩ ካርድ ማስቀመጥ ግድ ሆነ። በ1549 በእንግሊዝ አዲሱ የጸሎት መጽሐፍ በጰራቅሊጦስ ዕለት በአንድ ጊዜ በሕግ ሲታዘዝ በዴቨንና በኮርንዎል ዓመፅ ተነሣ፤ ኮርንዎሎቹ ከመካከላችን እንግሊዝኛ የማያውቁ አሉ ብለዋል። በውጭ አገር ለተወለዱ ልጆች በላቲን ፊደል የሚዘጋጅ ተሰጥዎ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፦ ጠን ከተ፣ ቀን ከከ የማይለይ አጻጻፍ ከሆነ ልጁ የሚያጠናው ሌላ ቃል ነው። መጥበቅና መላላትም ምልክት ይፈልጋል።

«ጥንታዊ» እያሉ አዲስ ምንጭ መከተል

በ1650ዎቹ የሞስኮው ፓትርያርክ ኒኮን መጻሕፍቱን በጥንታዊው የግሪክ ቅጂ እናርማለን አለ። አራሚዎቹ የተጠቀሙት ግን በአብዛኛው በዘመናቸው በቬኒስ የታተመ ግሪክ ነበር። ከጸሎተ ሃይማኖት «የተወለደ እንጂ ያልተፈጠረ» ውስጥ «እንጂ»ን የምትተካው አንዲት ፊደል ወጣች፤ ስለ መንፈስ ቅዱስ የነበረው «እውነተኛ» የሚል ቃልም ተነሣ። በስንት ጣት ይማተብ ከሚለው ለውጥ ጋር ተደምሮ ሕዝቡን ከፈለው። የ1666–67 ጉባኤ የቀድሞውን ሥርዓት የያዙትን አወገዘ፤ ውግዘቱ የተነሣው በ1971 ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ቀላል ሥራ ነው፦ አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ። የድሮው ንባብ፣ አዲሱ ንባብ፣ የተወሰደበት ቅጂ፣ ምክንያቱ። ሦስተኛው ዓምድ ባዶ የሆነ ለውጥ አይገባም። መሠረት የሚሆነው ቅጂ አንድ ይሁን፤ ከአምስት መጻሕፍት ደስ ያለውን እየለቀሙ መስፋት ማንም ጸልዮበት የማያውቅ አዲስ መጽሐፍ ይወልዳል።

ቃልን ያለ ምልክት ማውጣት

የአሜሪካ የተሐድሶ አይሁድ ቆመው በሚጸልዩት ዋና ጸሎት፣ በዐሚዳ፣ ውስጥ «ሙታንን የሚያስነሣ» የሚለውን «ለሁሉ ሕይወት የሚሰጥ» በሚል ተክተው ነበር። በ2007 የወጣው ሲዱራቸው (የጸሎት መጽሐፋቸው) «ሚሽካን ትፊላ» የድሮውን ቃል በቅንፍ መለሰው። የቀድሞው ቃል በገጹ ጠርዝ ቢቀመጥ ኖሮ መመለሱ ይህን ያህል አያነጋግርም ነበር። የወጣ ቃል ሁሉ በኅዳግ ይጻፍ።

ቀንን በፈረንጅ አቆጣጠር አድርቆ ማተም

ኅዳር 21 ብዙውን ጊዜ ኖቬምበር 30 ነው። ጳጉሜን 6 በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ግን ዲሴምበር 1 ይሆናል። የአይሁድ ሲዱርም ይህንኑ ያውቃል፤ ከእስራኤል ውጭ የዝናም ልመና የሚጀመረው በዲሴምበር 4 ማታ ሲሆን በዚያችው ዓመት ወደ 5 ይሸጋገራል፤ በእስራኤል ግን ሔሽቫን በሚባለው የአይሁድ ወር በ7 ነው። መመሪያው የአገሩን ስም ካልጠቀሰ ግማሹ አንባቢ ይሳሳታል። በዓሉ በኢትዮጵያው ቀን ይጻፍ፤ የፈረንጁ በየዓመቱ በተለየ ወረቀት ይውጣ።

ቀይ ቀለሙን ብቻ ማመን

መመሪያውና ቅዱሳት ስሞች በቀይ ይጻፋሉ፤ ፎቶ ኮፒ ሲደረጉ ግን ቀዩ ግራጫ ይሆንና ዲያቆኑ መመሪያውን እንደ ጸሎት ያነበዋል። ካህኑ፣ ዲያቆኑና ሕዝቡ የሚሉትን የሚለዩት «ይ.ካ»፣ «ይ.ዲ»፣ «ይ.ሕ» የሚሉት ምልክቶች አይቀነሱ፤ መመሪያውም በትንሽ ፊደል ይለይ። ግእዝ ከአማርኛ ጎን ሲቀመጥ አማርኛው ስለሚረዝም ዓምዶቹ በቁጥር ሳይሆን በገጽ ከተያያዙ ሦስተኛው ገጽ ላይ ይለያያሉ፤ እያንዳንዱ ቁጥር በራሱ ሣጥን ይግባ። ከዕብራይስጥ ጎን ከሆነ ደግሞ ዕብራይስጡ ከቀኝ ስለሚነበብ ማያያዣው በየትኛው ወገን እንደሚሆን ከአታሚው ጋር አስቀድሞ ይወሰን።

ሙሉውን ብዛት ባንዴ ማተም

መጀመሪያ ሃያ ወይም ሠላሳ ቅጂ ሰፊ ኅዳግ ይዞ ይውጣ። ለካህናቱ፣ ለዲያቆናቱና ለመዘምራኑ ከእርሳስ ጋር ይሰጥ፤ ቢያንስ አንድ የጾም ወቅትና አንድ ዐቢይ በዓል ይጸለይበት። የተሰናከሉበት ቦታ ሁሉ ይሰመርበት። ቅጂዎቹ ሲሰበሰቡ ሦስት ሰው ያሰመረበት መስመር ስህተት ባይሆን እንኳ እንደገና ይታይ።