የኋላ በር መስታወት ሲዘም፦ ማንሻ ለመግዛት አትሩጡ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ አሮጌ ኮሮላ ያለው ሰው መኪናውን ሙጭጭ አድርጎ ይዟል። ደግ አደረገ። እኛ ጋራዥ ግን የእርጅና ጣጣ ይዘው የሚመጡት በዝተዋል። አንዱ ጣጣ የኋላ በር መስታወት ነው። ሲወጣ ይዘማል፣ ጥግ ላይ ክፍተት ይተዋል፣ ፍጥነት ሲጨመር ያፏጫል። ጥገናው ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። የሚያከብደው እኛ ጋ ከመድረሱ በፊት የተነካካው ነው። ደጋግሜ የማያቸው ስህተቶች እነዚህ ናቸው።

ሳያዩ ዕቃ መግዛት

ይሄ ነው የሚያንጨረጭረኝ። ሰውየው መስታወቱ ዘሞ ያያል። ጎረቤቱ "ማንሻው ሞቷል" ይለዋል፤ በር ውስጥ ሆኖ መስታወቱን የሚያወጣና የሚያወርደውን ማለቱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሶማሌ ተራ ወርዶ፣ ተከራክሮ፣ ያገለገለ የመስታወት ማንሻ ይዞ ከች ይላል። "ይሄን ግጠምልኝ።"

ቆይ እስቲ ወንድሜ! የዘመመው ማነው? መስታወቱ ነው ወይስ በሩ?

ይህን ለማወቅ መፍቻ እንኳን አያስፈልግም። በሩን ክፈቱና መስታወቱን እስከ ጫፍ አውጡት። በሩ ክፍት ሆኖ መስታወቱ ፍሬሙ ውስጥ ልክ ከገባ፣ ስትዘጉት ብቻ ክፍተት ከመጣ፣ መስታወቱን ተዉት፤ ጥፋቱ የበሩ ነው። አሁን በሩን በከፊል ክፈቱና በመቆለፊያው በኩል ከሥር ይዛችሁ ወደ ላይ አንሱት። ከተንቀጫቀጨ ማጠፊያው ተበልቷል። ሲዘጋም ልብ በሉ። መቆለፊያው ጋ ሲደርስ በሩ ወደ ላይ ዘለል ካለ ያው ነው።

አንድ ሜትር ታክሲ የሚነዳ ደንበኛ አለኝ። ማንሻ ለወጠ፣ አልሆን ሲለው ሌላ ለወጠ፣ ከዚያ መስታወቱን ራሱን ሊለውጥ ተነሳ። የቀኝ የኋላ በር ነበር። ተሳፋሪ ቀኑን ሙሉ የሚገባው የሚወጣው በዚያ ነው፤ ማጠፊያው ቢበላ ምን ይገርማል? የማጠፊያውን ፒን ለወጥንለት፣ መስታወቱ ቀጥ አለ። ለማንሻዎቹ ያወጣውን ብር ላስታውሰው አልፈለግሁም።

በሩ ክፍት ሆኖም መስታወቱ ከዘመመ ነገሩ ውስጥ ነው። ግማሽ ላይ አቁሙትና በሁለት መዳፍ ይዛችሁ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙት። ያለ ትግል ከተወዘወዘ፣ ታች የሚይዘው ብረት ለቋል ወይም የማንሻው ጎማ እግር ተበልቷል። ካልተወዘወዘ፣ ግን ሲወጣ አንድ ቦታ ላይ ሁሌ የሚይዘው ከሆነ፣ የሚንሸራተትበትን ጎማ ጠርጥሩ። ግራ ከገባችሁ ማዶ ያለውን በር እዩ። ከእሱ የተሻለ መለኪያ የለም።

ቋሚውን ብረት መርሳት

ብዙ አሮጌ መኪኖች የኋላ በራቸው ላይ ከትልቁ መስታወት ኋላ የማይንቀሳቀስ ትንሽ መስታወት አለ። በሁለቱ መሃል የቆመው ብረት ትልቁን መስታወት ይመራል። እግሩ በበሩ ውስጥ በቡሎን ታስሯል። በእኛ መንገድ ንዝረት ቡሎኑ ሲላላ ብረቱ ይሸሻል፣ መስታወቱም ይከተለዋል። አዲስ ሰዎች ማንሻውን ፈትተው ገጥመው ይጨርሱና ይህን ቡሎን አይነኩትም። ቡሎኑን ላላ አድርጉት፣ መስታወቱን እስከ ላይ ጫፍ ድረስ አውጡት፣ ጎማው ውስጥ ተስተካክሎ ሲቀመጥ አጥብቁት። ከዚያ አንዴ አውርዳችሁ አውጡት። ሲወርድ ከከበደው ትንሽ አጥብባችሁታልና መልሱት።

ጎማውን ግሪስ መቀባት

ለሳምንት ያህል ደስ ይላል። ከዚያ ግሪሱ አቧራ ይሰበስብና ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል፤ መስታወቱ ላይ ከላይ እስከ ታች ጭረት ያወጣል። ጎማውም ያብጣል። በሳሙና ውሃ እጠቡት፣ ይድረቅ፣ ከዚያ የሲሊኮን ስፕሬይ ንፉበት።

ፍሬሙን በጉልበት መጎተት

ጉልበቱን በሩ ላይ አስደግፎ የፍሬሙን ጫፍ የሚስብ ሰው ሳይ ዓይኔን እጨፍናለሁ። መኪናው ተጋጭቶ ከሆነ የባትላሜራ ሥራ ነው። ካልተጋጨ ደግሞ ጤነኛውን ብረት በታመመው ልክ እያጣመማችሁ ነው።

መስታወቱን ያለ ጎማ ብረት ላይ ማሰር

የበር መስታወት መሃሉን በቡጢ ብትሉት ይችላል፤ ጠርዙን ብረት ከነከሰው ግን እንዳለ ይረግፋል። በመስታወቱና በሚይዘው ብረት መሃል ያለችውን ቁራጭ ጎማ ወይም ፕላስቲክ አትጣሉ።

መስታወቱ ቀጥ ብሎ ግን ቀስ ብሎ የሚወጣ ከሆነ፣ ያ የሞተር፣ የሽቦ ወይም የደረቀ ጎማ ጉዳይ ነው። ከዚህ ጋር አትቀላቅሉት።

ላስቲኩን ቀዶ መጣል

የበሩን ሽፋን ስትፈቱ ከጀርባው የተለጠፈ ላስቲክ ታገኛላችሁ። እባካችሁ አትቅደዱት! ዝናብ በር ውስጥ መግባቱ የተለመደ ነው፤ በታች ባሉት ቀዳዳዎች ይወጣል። ላስቲኩ ከሌለ ግን ወደ ውስጥ ያልፍና ክረምቱን ሙሉ ምንጣፋችሁ ሲሸት ይከርማል። ሽፋኑን ሳትመልሱ የበሩን ሥር ዳብሱ። ቀዳዳዎቹ በጭቃ ተደፍነው ከሆነ በቀጭን ሽቦ ክፈቷቸው። ውሃ እዚያ ከተኛ፣ አሁን ያጠበቃችሁትን የቋሚውን ብረት እግር ዝገት ይበላዋል።