የእሳት ካሳው በግማሽ ተቆርጦ ሲመጣ፦ የፈታው ነገር

ቤቱ የእሳት መድን የተገባለት በ3 ሚሊዮን ብር ነው። ኩሽናውና ጣሪያው ተቃጥሎ ጥገናው 1.2 ሚሊዮን ተገመተ፤ የካሳው ደብዳቤ ግን 600,000 ይላል።

መጀመሪያ የእሳት አደጋ ማስረጃ፣ ቀጥሎ ፎቶ፣ ቀጥሎ የሦስት ኮንትራክተሮች ፕሮፎርማ ገባ። ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። የጉዳቱን መጠንማ ማንም አልካደም!

ነገሩ የተገኘው በመድን ድርጅቱ የጉዳት ገማች ሪፖርት ውስጥ ነው፦ የቤቱ ዋጋ 6 ሚሊዮን ተብሏል። ከዋጋው በታች የተገባ መድን ካሳውን በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ 3 ለ6፣ ግማሽ። 6 ሚሊዮኑ ግን የሽያጭ ዋጋ ነው፣ ቦታው አብሮ ተቆጥሯል። ቦታ አይቃጠልም፤ ውሉም የሚሸፍነው ሕንፃውን ብቻ ነበር።

የሠራው ይህ ነው። ፈቃድ ያለው መሐንዲስ የተቃጠለውን ክፍል ብቻ ሳይሆን ሙሉ ቤቱን መልሶ ለመሥራት የሚፈጀውን በቢል ኦፍ ኳንቲቲ (የሥራና የዕቃ መጠን ከነዋጋው በሚዘረዝር ሰነድ) አወጣ፦ ኮንክሪቱ በሜትር ኩብ፣ ብረቱ በኪሎ፣ ቆርቆሮው በካሬ። ድምሩ 3.2 ሚሊዮን መጣ። ከፖሊሲው ቅጂና «የቦታው ዋጋ ከስሌቱ ይውጣ» ከሚል ባለ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጋር ቀረበ። ስሌቱ 3 ለ3.2 ሆነ፤ ካሳው፣ በውሉ ያለው ተቀናሽ (ባለቤቱ ራሱ የሚሸፍነው ድርሻ) ሳይቀነስ፣ 1,125,000 ብር።

ፍርስራሹን ገማቹ ሳያየው አታስነሱ።