የአሜሪካ ታሪክ አንድ፦ ሳይሸመድዱ እንዴት ይጠናል?

አሜሪካ ኮሌጅ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ ገና በመጀመሪያው ዓመት ይህ ኮርስ ይገጥመዋል። አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት አገሩ ላይ ከነበሩት ነባር ሕዝቦች ይነሳል። እንደየኮሌጁ የእርስ በርስ ጦርነቱ ባለቀበት በ1865 ወይም ከጦርነቱ በኋላ የነበረው የመልሶ ግንባታ ዘመን ባበቃበት በ1877 ያልቃል። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ይህ ሁሉ ዘመን በአንድ ሴሚስተር ማለቅ አለበት።

አገር ቤት ተምረን የመጣን ሰዎች ኮርሱን የምንጀምረው በለመድነው መንገድ ነው። ስምና ዓመተ ምህረት እንሸመድዳለን። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ለመጀመሪያው ሚድተርም የማውቀውን ቀን ሁሉ ወረቀቱ ላይ ደረደርኩ። ሲመለስልኝ ከኤሴዬ ጎን አንድ ጥያቄ ተጽፎበት ነበር፦ "ለምን ሆነ?" ከዚያ በኋላ ያጠናሁበትን መንገድ ነው የምነግራችሁ።

መጀመሪያ አንድ ክር ምረጡ

ሲለበሱን (የኮርሱን ዕቅድ) አውጡና ውጤቱ ከምን ከምን እንደሚመጣ እዩ። በአብዛኛው ኤሴይ ትልቁን ድርሻ ይይዛል። ከዚያ የሳምንቶቹን ርዕሶች አንብቡና ሁሉንም የሚያያይዝ አንድ ጥያቄ ፈልጉ። ሃይማኖት ሊሆን ይችላል። "የመምረጥ መብት የማን ነበር?" የሚለውም ያስኬዳል። የኔ ምክር ግን ይህ ነው፦ መሬቱ የማን ነው? የሚሠራውስ ማን ነው? ይህን ጥያቄ ከያዛችሁ ከመጀመሪያው ሳምንት እስከ መጨረሻው አይከዳችሁም።

በቨርጂኒያ ላሳያችሁ።

የቨርጂኒያ የመጀመሪያዋን የእንግሊዝ ሰፈር ጀምስታውንን በ1607 ያቋቋማት ቨርጂኒያ ኩባንያ ነው። ኩባንያው ትርፍ የሚጠብቁ ባለ አክሲዮኖች ነበሩት። ወርቅ አልተገኘም። ከ1609 ወደ 1610 በተሻገረው ክረምት አብዛኛው ሰፋሪ በረሃብና በበሽታ አለቀ። ቅኝ ግዛቷን ያዳናት ትምባሆ ነው። ሰፋሪው ጆን ሮልፍ የሞከረው ዝርያ ለንደን ላይ ገበያ አገኘ። ትምባሆ ግን ብዙ መሬትና ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። መሬቱ የነባሮቹ የፖውሃታን ሕዝቦች ነበር። ጉልበቱስ ከየት ይምጣ?

መጀመሪያ የመጣው ከእንግሊዝ ነው። ድሃ ወጣቶች የመርከብ ዋጋቸው ይከፈልላቸዋል። በምትኩ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 7 ዓመት ለማገልገል ይፈርማሉ። ኢንደንቸርድ ሰርቫንት የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሠራተኛ ያስመጣ ሰው በአንድ ነፍስ 50 ኤከር (20 ሄክታር ገደማ) መሬት ያገኛል። ስለዚህ ጉልበት ያለው መሬት አለው፣ መሬት ያለውም ጉልበት ይፈልጋል።

በ1619 ሃያ የሚያህሉ አፍሪካውያን ተማርከው ቨርጂኒያ ውስጥ ፖይንት ኮምፎርት ደረሱ፤ በምግብና በስንቅ ተለወጡ። በዚያው ዓመት ጀምስታውን ላይ የመጀመሪያው የተመረጡ ተወካዮች ጉባኤ ተቀመጠ። እነዚህን ሁለት ነገሮች በአንድ ገጽ ላይ ጎን ለጎን ጻፏቸው። የኮርሱ ትልቁ ጥያቄ እዚያ ገጽ ላይ ነው።

አሁን ሕጎቹን ተከተሉ። በእንግሊዝ ልማድ ልጅ የአባቱን ደረጃ ይይዛል። በ1662 የቨርጂኒያ ጉባኤ ይህን ገለበጠውና ልጅ ባሪያ ወይም ነጻ የሚሆነው በእናቱ ነው አለ። ልጅን በአባቱ ስም ለምንጠራ ለእኛ የነገሩ ክብደት ቶሎ ይገባናል። ጌታው በባርነት ከያዛት ሴት የወለደው የገዛ ልጁ ንብረቱ ሆነ ማለት ነው። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘግቼ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። በ1667 ደግሞ ጥምቀት ማንንም ከባርነት ነጻ አያወጣም ተባለ። በ1676 ባለ መሬቱ ናትናኤል ቤከን በአገረ ገዢው ላይ ተነሳ። ድሃ ነጮች፣ ሰርቫንቶችና በባርነት የነበሩ አፍሪካውያን አብረውት ዘመቱ፤ ጀምስታውንም ተቃጠለች። የቤከን ሰዎች ቀድመው የዘመቱት በነባር ሕዝቦች ላይ መሆኑን ግን አትርሱ። እዚህም ጥያቄው መሬት ነው። በ1705 የባርነት ሕጎቹ ተጠቃለው በአንድ ላይ ወጡ።

አሁን "ቨርጂኒያ ከሰርቫንት ወደ ባርነት ለምን ዞረች?" ተብላችሁ ብትጠየቁ መልስ አላችሁ። የታሪክ ሰዎች ራሳቸው በዚህ ይከራከራሉ። አንዱ ከእንግሊዝ የሚመጣው ሠራተኛ እያነሰ መሄዱን ያስቀድማል። ሌላው ባለሀብቱ መሣሪያ የያዘ ድሃን መፍራቱን ያነሳል። የትኛው እንደሚያሳምናችሁ ምረጡና ለምን እንደሆነ ተናገሩ። ፕሮፌሰሩ የሚፈልገው ይህንን ነው።

ንባብ

ቴክስትቡኩን ከክላስ በፊት አንብቡ። ንዑስ ርዕሶቹን በቅድሚያ፣ ከዚያ ሙሉውን። አንድ ክፍል ስትጨርሱ መጽሐፉን ዝጉና የገባችሁን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጻፉ። በአማርኛ ብትጽፉትም ችግር የለውም። በሃይላይተር ገጹን ሁሉ ቢጫ ማድረግ ግን ያጠናን ይመስለናል እንጂ ትርፍ የለውም።

ሰነድ ስታነቡ ጸሐፊውን ጠይቁት

ኮርሱ በዘመኑ የተጻፉ ሰነዶችን ያስነብባችኋል። ብዙዎቹ በኮንግረስ ላይብረሪና በናሽናል አርካይቭስ ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛሉ። የ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉ ያደናግራል። ድምፅ አውጥታችሁ አንብቡት፤ ዓይን ያልለየውን ቃል ጆሮ ይለየዋል። ከዚያ ጠይቁ፦ ማን ጻፈው? ለማን? ምን ፈልጎ?

ቦስተንን ውሰዱ። ማርች 5 ቀን 1770 የብሪታንያ ወታደሮች በተሰበሰበ ሕዝብ ላይ ተኩሰው አምስት ሰው ሞተ። አንዱ ክሪስፐስ አታክስ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ከነጻነት ታጋዮቹ አንዱ የነበረው ፖል ሪቪር አንድ ሥዕል አትሞ ሸጠ። ሥዕሉ ላይ ወታደሮቹ ተሰልፈዋል፣ አዛዡ ከኋላ ሰይፉን ዘርግቶ ያዝዛል፣ ሕዝቡ ምንም አላደረገም። የፍርድ ቤቱ ምስክርነት ግን ጩኸት፣ ዱላና የሚወረወር በረዶ ያለበት ግርግር ነው። የወታደሮቹ ጠበቃ ጆን አዳምስ ነበር፤ በኋላ ሁለተኛው ፕሬዚዳንት የሆነው። አዛዡ ነጻ ወጣ። ከስምንቱ ወታደሮች ስድስቱ ነጻ ወጡ፣ ሁለቱ ከነፍስ ግድያ ባነሰ ወንጀል (ማንስሎተር) ጥፋተኛ ተባሉ። ታዲያ ሥዕሉ ውሸት ስለሆነ ይጣል? አይጣልም። ሌሊቱ ምን እንደነበር ባይነግረን እንኳ የነጻነት ታጋዮቹ ሕዝቡ ምን እንዲያምን እንደፈለጉ በደንብ ይነግረናል።

ሰነድ ላይ ስለ ቀኖች አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝና ቅኝ ግዛቶቿ እስከ 1752 ድረስ የድሮውን የጁሊያን አቆጣጠር ይጠቀሙ ነበር። በሕጋቸው አዲስ ዓመት የሚገባውም ማርች 25 ነበር። ጆርጅ ዋሽንግተን ሲወለድ የተመዘገበው ፌብሩዋሪ 11፣ 1731 ነው፤ ዛሬ ፌብሩዋሪ 22፣ 1732 እንላለን። ሁለት ካሌንደር ይዘን ላደግን ለእኛ ይህ አዲስ አይደለም። የክላስ ጓደኞቻችሁ ሲደናገሩ እናንተ ልታስረዷቸው ትችላላችሁ።

ኤሴይ

መጀመሪያ የምትከራከሩለትን ሐሳብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። "የአሜሪካ አብዮት ብዙ ምክንያቶች ነበሩት" የሚለው ክርክር አይደለም፤ የሚቃወመው ሰው የለማ። ይህኛውን እዩት፦ "ሰፋሪዎቹን ያስቆጣቸው ከግብሩ መጠን ይልቅ ግብር የመጣል መብት የማን ነው የሚለው ነበር።" ይህን ሊቃወም የሚችል ሰው አለ። ስለዚህ ማስረጃ ይፈልጋል።

ማስረጃውም አለ። ብሪታንያ ከፈረንሳይ ጋር ተዋግታ በ1763 ካበቃው ጦርነት ከባድ ዕዳ ይዛ ወጣች። በ1765 በሰነድና በጋዜጣ ላይ ግብር የሚጥለውን የስታምፕ ሕግ አወጣች፣ በ1766 ሰረዘችው። ስትሰርዝ ግን ፓርላማው ቅኝ ግዛቶቹን በማናቸውም ነገር የማዘዝ መብት አለው የሚል ሌላ ሕግ አወጣች። በ1773 የወጣው የሻይ ሕግ ደግሞ የኢስት ኢንዲያ ኩባንያን ሻይ የሚያረክስ ነበር፤ ፓርላማው በሻይ ላይ የጣለው ግብር ግን አልቀረም። የቦስተን ሰዎች ግን ዲሴምበር 16 ሌሊት 342 ሳጥን ሻይ ባሕር ውስጥ ጣሉ። ሻዩ ረክሶላቸው እያለ ከጣሉት ነገሩ የገንዘብ ብቻ አልነበረም። በየአንቀጹ እንዲህ ዓይነት አንድ ጠንካራ ማስረጃ አስገቡ፣ ከዚያ ከሐሳባችሁ ጋር እንዴት እንደሚያያዝ ግለጹ።

ረቂቁን ይዛችሁ ኦፊስ አወር ሂዱ። መምህር ቢሮ ሄዶ መጠየቅ ለብዙዎቻችን ድፍረት ይመስለናል። እዚህ ሰዓቱ የተመደበው ለእናንተ ነው። "ይህ ሐሳብ ያስኬዳል?" ብቻ ብትሉ ይበቃል።

ለፋይናል

ባዶ ወረቀት ያዙ፣ መጽሐፉን ዝጉ። ክስተቶቹን "ስለዚህ" በሚል ቃል እያያያዛችሁ ጻፉ። ለምሳሌ፦ በሄይቲ በባርነት የነበሩት ተነስተው የፈረንሳይን ጦር አዳከሙ፤ ስለዚህ ናፖሊዮን በ1803 ሉዊዚያናን በ15 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ፤ ስለዚህ አዲሱ መሬት ለባርነት ይከፈት ወይስ ይዘጋ የሚል ጠብ መጣ፤ ስለዚህ ባርነት የት እንደሚፈቀድና የት እንደሚከለከል የወሰነው የ1820ው የሚዙሪ ስምምነት። እንዲህ እያላችሁ ከሜክሲኮ ጋር የተደረገውን ጦርነት፣ የ1850ውን ስምምነት፣ የ1854ቱን የካንሳስ ነብራስካ ሕግ፣ የ1857ቱን የድሬድ ስኮት ፍርድ አልፋችሁ ሊንከን እስከተመረጠበት 1860 ድረስ ሂዱ።

ማያያዣው የጠፋችሁ ቦታ ላይ ሰፊ ክፍት ቦታ ተዉ። ከፈተናው በፊት ባለው ቀን የምታነቡት የእነዚያን ክፍት ቦታዎች ገጽ ብቻ ነው።