ሆስፒታል የተኛ ዘመዳችሁ ሕመሙ ካላስተኛው

ካንሰር ወይም የልብ ድካም ያለበት ሰው እያስታመማችሁ ሕመሙ፣ ማቅለሽለሹ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ፋታ ከነሳው፣ ሐኪሙን «የፓሊየቲቭ ኬር ባለሙያ ይየው» በሉት፤ ፓሊየቲቭ ኬር ማለት ሕመምንና ስቃይን የሚያስታግስ እንክብካቤ ነው። እባካችሁ መጨረሻው እስኪደርስ አትጠብቁ። ኬሞቴራፒ እየወሰደም ይቻላል፤ ዋናውን ሕክምና አያስቆምም።

ባለሙያው ከመምጣቱ በፊት ሕመሙ መቼ እንደሚብስ፣ ከ0 (ምንም ሕመም የለም) እስከ 10 (ከሁሉ የከፋ ሕመም) ስንት እንደሚሰጠው ጻፉ። ራሱን ሕመምተኛውን ጠይቁት፤ እኛ ቤተሰቦች እሱን ትተን ስለ እሱ ማውራት ይቀናናል። የሚዋጥ ሞርፊን (ጠንካራ የሕመም ማስታገሻ) ከታዘዘ በተባለው ሰዓት ስጡት እንጂ ሕመሙ እስኪነሳ አትጠብቁ። ሆድ ስለሚያደርቅ ማለስለሻ አብሮ እንዲታዘዝ ጠይቁ።

አዲስ አበባ ከሆናችሁ፣ ከሆስፒታል ከመውጣቱ በፊት ስለ ሆስፒስ ኢትዮጵያም አንሱ፤ ይህን እንክብካቤ የሚሰጥ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው፤ ነርሶቹ ቤት ድረስ ሄደው ይከታተላሉ።