ማማውን እየሸሹ ስልኩን ትራስ ሥር

ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በገባን ሰሞን የብሎካችን ስብሰባ በአንድ ጉዳይ ተበጣበጠ፤ አጠገባችን ሊተከል ነው በተባለው የኔትወርክ ማማ። አንድ አባት «ልጆቻችንን በጨረር ሊያስፈጁብን ነው!» ብለው ተቆጥተው ወጡ። በሩ ላይ ስልካቸው ጠራ። ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ጆሯቸው ላይ ለጠፉት፤ እየተቆራረጠባቸው «ሃሎ፣ ሃሎ» ሲሉ ሩብ ሰዓት ያህል ቆሙ።

የመጀመሪያው ስህተት ይኸው ነው፤ ማማው በራቀ ቁጥር ጨረሩ የሚቀንስልን ይመስለናል። ከማማው የሚደርሰን ሞገድ በርቀት ቶሎ ይሳሳል፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ሩብ ይወርዳል። የስልኩ አንቴና ግን ያለው ጉንጫችን ሥር ነው። ስልክ ማማው ቅርብ ሲሆን ያንሾካሹካል፣ ሲርቅ የሚልከውን ኃይል ጨምሮ ይጮኻል። በቱጂ ኔትወርክ ሲጮኽ እስከ 2 ዋት ያወጣል፤ የሚልከው በምት በምት ስለሆነ አማካዩ ሩብ ዋት ገደማ ነው። በፎርጂ ጣሪያው በአብዛኛው 0.2 ዋት ነው። ማማው ሲቀርብ ደግሞ ከዚህ እጅግ ዝቅ ይላል። ስለዚህ ማማውን ያባረረ ሰፈር የየስልኩን ጩኸት ከፍ አደረገ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ስህተት የኔትወርክ ምልክቱ አንድ መስመር ብቻ በሚታይበት ቦታ ረጅም ወሬ ማውራት ነው። በከተማዋ ዳርቻ ይህ የዕለት ኑሯችን ነው። መንገድ ዳር ባለችው የቆርቆሮ ሱቅ ውስጥ ያለው ልጅ ቀኑን ሙሉ ስልኩን በትከሻውና በጆሮው መካከል አጣብቆ ዕቃ ይመዝናል። ቆርቆሮ ሞገድ ስለሚጋርድ ስልኩ ያለ የሌለ ኃይሉን ያፈስሳል፤ ባትሪው ቶሎ የሚያልቅበትም በከፊል ለዚህ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ መውጣት ወይም ድምፅ ማጉያውን መክፈት ይበቃው ነበር።

ቁጥሩን ማምለክም አለ። በብዙ ስልኮች *#07# ሲደውሉ ሰውነት የሚወስደው የሞገድ ኃይል መጠን ይታያል። ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደላት ሲያጥር SAR ነው፤ እንደ ቃል ሲነበብ «ሳር» ይሆናል፤ ከብት ግን አይግጠውም። የአሜሪካ ገደብ በ1 ግራም የሰውነት ክፍል ተሰልቶ በኪሎግራም 1.6 ዋት ሲሆን፣ የአውሮፓው ለራስና ለደረት በ10 ግራም ተሰልቶ 2 ዋት ነው። ስሌታቸው ስለሚለያይ ጎን ለጎን አስቀምጦ «ይኼኛው ይሻላል» ማለት አይቻልም። 0.9 የሚል ስልክም 1.2 ከሚለው የግድ አይሻልም፤ ቁጥሩ በቤተ ሙከራ የተገኘ ከፍተኛው ልክ እንጂ የዕለት አጠቃቀማችን አይደለም። ገደቡም ገደል አፋፍ አይደለም። ከላይ ያሉት ለአንድ የሰውነት ክፍል ናቸው፤ ለመላ ሰውነት በአማካይ ጉዳት ሊጀምር ይችላል የተባለው 4 ዋት በኪሎግራም ሆኖ ሳለ፣ ለሕዝብ የተፈቀደው በ50 ተካፍሎ 0.08 ነው።

ብዙ ሰው የሚዘለው ግን የርቀቱን ነገር ነው። ስልኩ ኪስ ውስጥ እንዳለ ተቆጥሮ ሲለካ ከሰውነት ጥቂት ሚሊሜትር ርቆ ነው፤ ልኩ መመሪያው ላይ በደቃቅ ፊደል ተጽፏል። ከእጅ ጋር ተነካክቶ የሚለካበት ሙከራም አለ። እ.ኤ.አ. በ2023 ፈረንሳይ የአይፎን 12 ሽያጭን ያገደችው በዚህኛው ነበር፤ ለእጅና ለእግር ገደቡ በኪሎግራም 4 ዋት ሆኖ 5.74 ተገኘ፤ አምራቹም ሶፍትዌሩን አስተካከለ። ስልክን ጡት መያዣ ውስጥ ሻጥ የሚያደርጉ እናቶች፣ ትራስ ሥር የሚያሳድሩ ጥበቃዎች ይህን ቢያውቁ ደግ ነው። ትራስ ሥር እየሞላ ያለ ስልክ ደግሞ ከሞገዱ ይልቅ በእሳቱ ያስፈራኛል።

«ካንሰር እንደሚያመጣ ተረጋግጧል» የሚሉም አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2011 የስልክን ሞገድ የመደበው ግን ካንሰር «ሊያስከትል ይችል ይሆናል» ከሚባለው ክፍል ነው። ከሙሉ ቅጠሉ የተጨመቀ እሬትም እዚያው ክፍል ይገኛል።

ጨረር ይከላከላል ተብሎ የሚሸጠው ተለጣፊ ደግሞ ከንቱ ነው። አንቴናውን ካልጋረደ ምንም አይሠራም፤ ከጋረደ ስልኩን ያስጮኸዋል። ጎረቤቴ ገዝታ ከለጠፈች ወዲህ የምታወራው ከበረንዳ ላይ ነው፤ ቤት ውስጥ ኔትወርክ አጣሁ እያለች።