አንድ ኮድ፣ ሦስት ስርዓተ ክወና፦ በስርዓቱ የራሱ አዝራሮች የሚሠራ የዴስክቶፕ መተግበሪያ

በዊንዶውስ፣ በማክና በሊነክስ የሚሠራ የዴስክቶፕ መተግበሪያ ለመሥራት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ መወሰን ያለበት አዝራሩንና የጽሑፍ ሳጥኑን ማን እንደሚሥላቸው ነው። ኪዩት (Qt) የተባለው የመስኮትና የአዝራር መሥሪያ ቤተ መጻሕፍት አዝራሮቹን በአብዛኛው ራሱ እየሣለ የስርዓቱን መልክ ያስመስላል፤ እ.ኤ.አ. በ1992 የተጀመረው ሌላው ቤተ መጻሕፍት ደብልዩኤክስ ዊጀትስ (wxWidgets) ግን ሥራውን ለስርዓተ ክወናው ይተዋል፤ አዝራር ሲያዙት በዊንዶውስ የዊንዶውስን፣ በማክ የማክ የራሱ የሆነውን የኮኮዋን፣ በሊነክስ አብዛኛውን ጊዜ እዚያ የተለመደውን የጂቲኬን (GTK) ያቀርባል። እኔ የምመርጠው ሁለተኛውን ነው።

በፓይተን ለሚጽፍ ሰው ይህንኑ ቤተ መጻሕፍት ከፓይተን የሚያስጠቅመው ደብልዩኤክስ ፓይተን (wxPython) ይበቃዋል። በሊነክስ ላይ ግን ከፓይተን ጥቅል መጫኛው ከፒፕ ይልቅ የሚጠቀሙበት የሊነክስ ስርጭት ያዘጋጀውን ጥቅል መጫን ይሻላል፤ አለዚያ ኮዱ ከምንጩ እስኪጠናቀር ብዙ ሊያስጠብቅ ይችላል።

ጀማሪን በብዛት የሚያሰናክለው አቀማመጡ ነው። አንድ ጊዜ «አስቀምጥ» የሚለውን አዝራር ስፋት በፒክስል ለክቼ ወስኜ ነበር፤ በእኔ ማሽን ያማረው አዝራር፣ ቅርጸ ቁምፊው በሚለይበት ሌላ ማሽን ላይ «አስቀ» ብሎ ቀረ። መፍትሔው ሳይዘር፣ ማለትም የአዝራሮችንና የሳጥኖችን ስፋትና ቦታ ራሱ የሚያሰላ የቤተ መጻሕፍቱ መሣሪያ ነው። «ስም» ለሚለው መለያ የድርሻ ቁጥሩን 0፣ ከጎኑ ላለው የጽሑፍ ሳጥን 1 ቢሰጡ፣ መስኮቱ ሲሰፋ ትርፉን ቦታ ሳጥኑ ብቻ ይወስዳል፤ መለያው ደግሞ ጽሑፉ የሚጠይቀውን ያህል ስፋት ይይዛል።

ለምናሌም እንዲሁ ነው። «ውጣ» እና «ምርጫዎች» የሚሉትን ትእዛዞች በራስዎ ቁጥር ሳይሆን ቤተ መጻሕፍቱ ባዘጋጀላቸው መደበኛ መለያ ቁጥር ይፍጠሯቸው፤ ያን ጊዜ በማክ ላይ በመተግበሪያው ስም ወደሚጠራው ምናሌ ራሳቸው ይዛወራሉ። «እሺ» እና «ተወው» የሚሉት አዝራሮች ቅደም ተከተልም በዊንዶውስና በማክ የተገላበጠ ስለሆነ፣ ለንግግር ሳጥን አዝራሮች የተዘጋጀውን ሳይዘር ተጠቅሞ ድርደራውን ለእሱ መተው ይገባል።

ረጅም ሥራን መስኮቱን በሚያንቀሳቅሰው ዋናው ክር (thread) ላይ ማስኬድ መስኮቱን ያደርቀዋል፤ ወደ ሌላ ክር ያውጡት፣ ውጤቱን ግን ሥራን ወደ ዋናው ክር በሚያስተላልፈው በኮል አፍተር (wx.CallAfter) በኩል ይመልሱ እንጂ ከዚያ ክር ሆነው አዝራሮቹን አይንኩ።

ከማሸግዎ በፊት ማኩን ወደ ጨለማ ገጽታ ቀይረው ይመልከቱ፤ የሳጥኑን ዳራ በኮድ ነጭ አድርገውት ከሆነ፣ ስርዓቱ ነጭ ያደረጋቸው ፊደላት እዚያው ይጠፋሉ። የፓይተን ፕሮግራም ማሸጊያው ፓይኢንስቶለር (PyInstaller) የሚያሽገው ለሚሠራበት ስርዓት ብቻ ስለሆነ፣ ሦስቱንም ማሽኖች ማግኘትዎ አይቀርም።