የሕገ መንግሥት አርቃቂን የሕይወት ታሪክ እንዴት እንጽፋለን? አክሊሉ ሀብተወልድ እንደ ምሳሌ

«ሕገ መንግሥቱን ያረቀቁት እገሌ ናቸው» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ ችግሩ ግሡ ላይ ነው። ማርቀቅ ማዘዝም፣ አንቀጽ መጻፍም፣ የተጻፈውን ማረምና መተርጎምም፣ ንጉሥ ፊት ቀርቦ መሟገትም ሊሆን ይችላል። ሕግ ዐዋቂም ፖለቲከኛም የነበረን ሰው ታሪክ የሚጽፍ እነዚህን ካልለየ ጽሑፉ ወይ ውዳሴ ወይ ክስ ሆኖ ይቀራል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን በወጣው በ1948ቱ ሕገ መንግሥት ዝግጅት ስማቸው የሚነሣው፣ ኋላም ጠቅላይ ሚኒስትር የሆኑት ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተወልድ ለዚህ ጥሩ መለማመጃ ናቸው።

ሥራው በስም ይጀመራል። ወረቀት ላይ የስሙን አጻጻፎች ሁሉ ይደርድሩ፦ ሀብተወልድ፣ ሀብተ ወልድ፣ ኃብተወልድ። ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ፀሐፊ ትዕዛዝም እንዲሁ። በአንዱ ብቻ የፈለገ ሰው ግማሹን ሰነድ አያገኝም። በአባት ስም ብቻ መጥራትም እዚህ ላይ አደገኛ ነው፤ መኮንንና አካለወርቅ ሀብተወልድም ወንድሞቻቸውና ሚኒስትሮች ነበሩ። «ሀብተወልድ» ብቻ ብለው ከጻፉ በታኅሣሥ 1953ቱ የመንግሥት ግልበጣ ሙከራ የተገደሉትን መኮንንን ከአክሊሉ ጋር ያምታታሉ።

ከስሙ ይልቅ የሚያሳስተው ግን ማዕረጉ ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ የጽሕፈት ሚኒስትሩ የሥልጣን ስም እንጂ የአንድ ሰው መጠሪያ አይደለም። ከአክሊሉ በፊት ማዕረጉን ይዘው የነበሩት ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው፤ እሳቸውም በዚያው በሕገ መንግሥቱ ዝግጅት ውስጥ ነበሩ። በ1930ዎቹ መጨረሻና በ1940ዎቹ መጀመሪያ የተጻፈ ሰነድ «ጸሐፌ ትእዛዝ እንዲህ አሉ» ካለ የሚናገረው ስለ ወልደ ጊዮርጊስ ነው። በዚያን ጊዜ አክሊሉ የሚገኙት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ነው። ወልደ ጊዮርጊስ በ1947 ዓ.ም. ከጽሕፈት ሚኒስትርነት ተነሥተዋል፤ ይህን ቀን የማያውቅ ጸሐፊ የአንዱን ሥራ ለሌላው ያስረክባል።

ቀጥሎ ዘመን። የኢትዮጵያን ዓመት ወደ እ.ኤ.አ. ለመለወጥ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ ላለው ቀን 7፣ ከዚያ በኋላ ላለው 8 ዓመት ይደምሩ። ሕገ መንግሥቱ የታወጀው ጥቅምት 24 ቀን 1948 ነው፤ ይህም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 4 ቀን 1955 ላይ ይውላል። በሌላ ዓመት ቢሆን ያ ቀን ጥቅምት 25 ነበር፤ ነገር ግን 1947 ዘመነ ሉቃስ፣ ጳጉሜም 6 ስለ ነበረች 1948 አንድ ቀን ዘግይቶ ገባ። (የጃንዋሪ 1 ወሰንም በዘመነ ዮሐንስ እንዲሁ በአንድ ቀን ይሸሻል።) በነጋሪት ጋዜጣ የወጣው በአዋጅ ቁጥር 149 ነው። ጋዜጣው በአማርኛና በእንግሊዝኛ ስለሚታተም አንዱ ጥናት 149/1948፣ ሌላው 149/1955 ሲል ያገኛሉ። አንድ አዋጅ ነው፤ እንደ ሁለት አይቁጠሩት።

አሁን ጽሑፉን ራሱን ይክፈቱ። ትልቁን ሰዓት መስጠት ያለብዎት እዚህ ነው። ሁለቱን ሕገ መንግሥታት ጎን ለጎን ያስቀምጡ፦ ሐምሌ 9 ቀን 1923 የወጣውና 55 አንቀጽ ያለው፣ እና የ1948ቱ ባለ 131 አንቀጽ። የመጀመሪያውን ያዘጋጁት በጅሮንድ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ናቸው፤ ሞዴላቸው የጃፓኑ የሜጂ ሕገ መንግሥት ነበር። ከዚያም አራት ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ ያስምሩ፦ አንቀጽ፣ ከየት መጣ፣ ምን ተለወጠ፣ ማን እንደ ጻፈው የሚያሳይ ማስረጃ። 131ዱን መሙላት አያስፈልግም፤ 15 በደንብ የተመረጡ ይበቃሉ።

ሲሞሉት ንብርብሩ ይታያል። የንጉሠ ነገሥቱ አካል ቅዱስ፣ ክብሩ የማይደፈር፣ ሥልጣኑ የማይነቀፍ ነው የሚለው በአንቀጽ 4 ያለው ሐሳብ ከ1923ቱ የተሻገረ ነው። አንቀጽ 37 የሕግ እኩል ጥበቃን፣ አንቀጽ 43 ደግሞ ያለ ሕጋዊ ሥርዓት ማንም ሕይወቱን፣ ነጻነቱንና ንብረቱን እንደማያጣ ይደነግጋል፤ ይህ የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ማሻሻያዎች ድምፅ ነው። አንቀጽ 122 ሕገ መንግሥቱን ከዓለም አቀፍ ውሎች ጋር የበላይ ሕግ ያደርጋል። እንዲህ ያለው ቃል ያለ ምክንያት አልገባም፤ በዝግጅቱ ጆን ስፔንሰር፣ ኤድጋር ተርሊንግተንና አልበርት ጋሬትሰን የተባሉ አሜሪካውያን የሕግ አማካሪዎች ነበሩበት። ስለዚህ ፓሪስ ሕግ የተማሩት አክሊሉ በመኖራቸው ብቻ ጽሑፉን «የፈረንሳይ ተጽዕኖ ያለበት» ማለት ቅዠት ነው። የትምህርት ቤት ስም ማስረጃ አይሆንም፤ አንቀጹ ራሱ ይናገር።

እንግዲህ የአክሊሉ ድርሻ ምን ይባል? «በዝግጅቱ ከተሳተፉት ኢትዮጵያውያን አንዱ» ከተባለ ትክክል ነው። «አባት» ከተባለ ግን የንጉሠ ነገሥቱን ፈቃድ፣ የወልደ ጊዮርጊስን እጅና የአማካሪዎቹን ብዕር ይሰርዛል።

የራሳቸውን ማስታወሻ ሲያነቡ መቼና ለማን እንደ ጻፉት ይመዝግቡ። የጻፉት በ1966 ታስረው ሳሉ ለመርማሪ ኮሚሽን ነው፤ ስለዚህ የመከላከያ ቃል ጠባይ አለው። ስፔንሰርም የራሱን ትዝታ ጽፏል፤ እሱም የራሱን ድርሻ ማሳነስ አይፈልግም። ሁለቱ የሚስማሙበትን እንደ እውነት፣ አንዱ ብቻ የሚለውን «እንደ እገሌ አባባል» ብለው ያስገቡ። ለማመሳከር በስድስት ኪሎ ያለው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍትና ወመዘክር (ብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት) ይጠቅማሉ፤ አዲስ ዘመን ጋዜጣን ከ1947 ሚያዝያ እስከ 1948 ኅዳር ብቻ ቢያገላብጡ ብዙ ያገኛሉ።

ከአዋጁ በኋላ ያለውን ክፍል አያሳጥሩት። አክሊሉ ከ1953 እስከ 1966 ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው፣ እጃቸው ባለበት ሕገ መንግሥት ሥር ኖረዋል። በዚያ ጽሑፍ ሚኒስትሮችን የሚሾመውና የሚሽረው ንጉሠ ነገሥቱ ነበር፤ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የራሱን ካቢኔ አባላት መርጦ እንዲያቀርብ የተፈቀደው በመጋቢት 1958 ነው፤ ያውም ሕገ መንግሥቱ ሳይነካ፣ በትእዛዝ። ይህን የዘለለ የሕይወት ታሪክ ሰውየው ምን ማድረግ ይችሉ እንደ ነበርና ምን እንደማይችሉ አያሳይም።

ስለ አሟሟታቸው ሲጽፉም ቅደም ተከተሉን ይጠብቁ። ኅዳር 14 ቀን 1967 ከሌሎች ባለሥልጣናት ጋር ተገደሉ። እዚህ ላይ «አንቀጽ 43 ተጣሰ» ብሎ መጻፍ ያምራል፤ ግን ስሕተት ነው። ደርግ ሕገ መንግሥቱን መስከረም 2 ቀን አግዶት ስለ ነበር በዚያ ቀን አንቀጹ በሥራ ላይ አልነበረም። «ያለ ፍርድ ተገደሉ» ብለው ይጻፉ፣ የእገዳውንም ቀን ከጎኑ ያስቀምጡ።